«ተዋናይ ልሁን?» የሚለው ጥያቄና መልስ ሰጪዎቹ

የትወና ፍቅር አዲስ አበባ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነው። የጥጥ ጢም ተለጥፎለት፣ የአያቱን ከዘራ ተውሶ፣ እያነከሰ መድረክ ላይ የወጣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ግቢ ሙሉ ሰው ባንዴ ሲስቅለት ከሰማ በኋላ፣ ለሒሳብ ትምህርት የነበረው ስሜት እንደ ድሮው አይሆንም። ሌላው መነሻ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በገና መንፈሳዊ ድራማ ሄሮድስን የተጫወተ ልጅ፣ ምእመናኑ እረኞቹን ሁሉ ረስተው እሱን ብቻ እያነሡ ሲያወሩ ስለሚሰማ፣ ክፉ ገጸ ባሕርይ ከደጉ ይልቅ እንደሚታወስ ገና በአሥር ዓመቱ ይረዳል። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባትም የዋዛ ማሠልጠኛ አልነበሩም። ሕዝቡን ለማስተማር ሲባል በየትምህርት ቤቱ እየሳለ፣ እያቃሰተና እየተናዘዘ መድረክ ላይ የሞተው ተማሪ ብዙ ነው። ከእነዚያ ሟቾች አንዳንዶቹ ዛሬም በቴሌቪዥን ይታያሉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነው። ጥያቄ የሚሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ዕለት ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ ቤተሰቡ «ያ ድራማ ነው ያጠፋው» ይላል። ከፍ ካለም «ይህን የመሰለ ውጤት ይዞ ድራማ?» ይላል። ለትወና የሚመጥን ውጤት ስንት እንደሆነ እስካሁን የተናገረ ወላጅ የለም።

ቀጥሎ ጉባኤ ይቀመጣል። አባት በአብዛኛው አይናገርም፤ ሲናገርም «እኛ እኮ አንተን ሰው ለማድረግ...» ብሎ ያቆመዋል፤ ያልጨረሰው ዐረፍተ ነገር ከጨረሰው ይልቅ ይከብዳል። አሜሪካ ያለው አጎት በስልክ ይገባል፤ እሱ ዘንድ ሁለት ፈረቃ የማይሠራበት ነገር ሥራ አይባልም። አክስት የምታውቀውን የአንድ ተዋናይ ታሪክ ታመጣለች፤ ታሪኩ ምንጊዜም የሚያልቀው በመጠጥ ነው። ቡና ልትጠጣ የገባችው ጎረቤት «ምን አለበት፣ ልጁ እንደሆነ መልኩም ደኅና ነው» ስትል፣ እናት «የራሷ ልጅ ስላልሆነ ነው» ትላለች በሆዷ። በመጨረሻ እናት አስታራቂ ሐሳብ ታቀርባለች፤ «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ አንድ ሥራ ያዝና እሱን በትርፍ ጊዜህ አትሠራውም?»

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ኪነ ጥበብ እፊቱ የተሰደበች ይመስለዋል። የሙያውን አሠራር ለሚያውቅ ግን በዚያ ጉባኤ ከተነገረው ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው የእናት ቃል ነው። እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትኛው ዋና ሥራ፣ የትኛው ትርፍ ሥራ ሆኖ እንደሚቀር አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

የቤተሰቡ ስጋት ታሪክ አለው። ዘመናዊ ቲያትር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በባለሥልጣን በር ነው። የመጀመሪያው የሚባለውን ተውኔት፣ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን፣ በ1913 ዓ.ም ገደማ የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ውስጥ መድፈኛነት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። ተውኔቱ በእንስሳት አፍ የመንግሥቱን አሠራር የሚተች ስለነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ለአገሪቱ የቲያትር ሰው የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ «ተው» የሚል ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ አባቶች እሱኑ ነው የሚደግሙት። የሀገር ፍቅርን ማኅበር በ1927 ዓ.ም ያቋቋሙት መኮንን ሀብተ ወልድም የመንግሥት ሰው ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት፣ በ1948 ዓ.ም፣ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ሥራውን የጀመረው በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ደራሲው በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

ደራሲው ከላይ ሲመጣ ተዋናዩ የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው። ሕዝቡ መድረክ ላይ ቆሞ የሚያስቅና የሚያስለቅስ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው በአዝማሪነት ነበር፤ አዝማሪን ደግሞ ሠርግ ላይ ይሸልሙታል እንጂ ልጅ አይድሩለትም። ሴቶችማ ጭራሹኑ አይወጡም ነበር፤ የሴት ሚና የሚሠሩት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ለመባል የበቃችውም ስለዚህ ነው፤ ለዚያ ድፍረት የከፈለችው የስም ዋጋ ቀላል አልነበረም። ይህ የሁለት ሰፈር ነገር ሳይታወቅ እስከዛሬ ዘልቋል። ልጁ «ደራሲ ልሆን ነው» ያለው አባት ይቆዝማል፤ «ተዋናይ ልሆን ነው» ያለው ይደነግጣል።

ከድንጋጤው ለማምለጥ ልጅን ወደ ሕግ ትምህርት መምራት የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው አስተማማኝ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕግ ተምሮ ነበር፤ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ከማምጣት ግን የከለከለው አንቀጽ አልተገኘም። «ሰው ለሰው» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አስናቀን ሆኖ አገሩን ያስጨነቀው አበበ ባልቻም የሕግ ባለሙያ ነው። ሕግና ትወና ምን እንደሚያገናኛቸው ፍርድ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም።

ጉባኤው ያለ ውሳኔ ሲበተን፣ ጉዳዩ ወደ ሥልጠና ያልፋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከፍቷል፤ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት ሆኗል። ዮፍታሔ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የመጣ የቅኔ ሰው ነበርና፣ ቲያትር የባዕድ ነገር ነው ለሚል አያት ስሙን ማንሣት ይረዳል። ወደ ትምህርት ክፍሉ የሚገባው ግን ሁሉም ወዶ አይደለም። በምደባ ዘመን ትወና ያልማል የተባለው አካውንቲንግ ይደርሰዋል፤ አካውንቲንግ የሞላው ደግሞ ቲያትር ይደርሰውና የመጀመሪያውን ሴሚስተር የድምፅ ማፍታቻ ልምምድ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋል። የሚገርመው፣ ከሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ተዋናይ ይወጣል። መድረክ እንደ ሥራ እንጂ እንደ ሕልም ስላልመጣበት ይሆናል። ከተመረቁት ብዙዎቹ መጨረሻቸው የመሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት፣ ሬዲዮና ማስታወቂያ ነው፤ ድምፅን መግራትና ሰው ፊት መቆም በእነዚያም ቤት ይፈለጋል።

ዩኒቨርሲቲ የማይገባ በግል ማሠልጠኛ ያልፋል። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ መለያ አለ። ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ገንዘብ ቢጠይቅ ሥራው ነው፤ «ፊልም ላይ ላሠራህ» ብሎ የመመዝገቢያና የፎቶ የሚያስከፍል ግን ፊልሙ ያው የተከፈለው ገንዘብ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለሥራ የሚፈተን ሰው አይከፍልም።

ፈተናው ራሱ፣ በሙያው ቋንቋ ኦዲሽን፣ የራሱ ልማድ አለው። ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ይጠይቃል። ተፈታኙ ያጠናውን ቃለ ተውኔት ይወጣዋል። አብዛኛው ወንድ ከታሪክ ተውኔት የሚሸልልና የሚፎክር ጀግና ይመርጣል፤ ረፋድ ላይ አዳራሹ አጠገብ የሚያልፍ ሰው አንድ ጦር ሠራዊት የገባ ሊመስለው ይችላል። ከዚያ ያልተጠና ይመጣል። «እስቲ ሰክረህ ግባ።» «አሁን አበድክ።» «እናትህ እንደሞተች ተነገረህ።» ሰካራም፣ እብድና ሐዘንተኛ የአገሩ የትወና ፈተና ሦስቱ አምዶች ናቸው። ጀማሪው ሦስቱንም በጩኸት ይወጣቸዋል። አንጋፋዎቹ ዳኞች የሚጠብቁት ሌላ ነው፤ እውነተኛ ሰካራም አለመስከሩን ለማሳየት የሚደክም ሰው ነው፤ ቀጥ ብሎ ለመራመድ ይጠነቀቃል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ይህን ልዩነት ሳይነገረው ያወቀ ተፈታኝ ሲገኝ ስልኩን የሚያየው ዳኛ ቀና ይላል።

ካለፈና ዕድል ከቀናው ወደ መንግሥት ቲያትር ቤት ይገባል። ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና የሕፃናትና ወጣቶች ቲያትር ተዋናዮችን በወር ደመወዝ ቀጥረው የሚያሠሩ ቤቶች ናቸው። በብዙ አገር ተዋናይ በውል ከሥራ ወደ ሥራ የሚንከራተት ሰው ነው፤ እዚህ ግን የመንግሥት ሠራተኛ መሆን ይችላል፤ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥለታል፣ የዓመት ፈቃድ ይሞላል፣ የሥራ አፈጻጸም ይሞላለታል። ማታ በመድረክ ላይ ዙፋን የተቀማ ልዑል ጠዋት የመገኛ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ባለፈው ሳምንት እሑድ በጩቤ የተወጋ ሰው ሰኞ የሕመም ፈቃድ ቢጠይቅ የሐኪም ወረቀት አምጣ ይባላል። የአፈጻጸም ቅጹም በተለመደው መንገድ ይመዝነዋል፤ በሰዓቱ መገኘት፣ ንብረት አያያዝ፣ ከባልደረባ ጋር መግባባት። እንባው ደርቆ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ የለውም።

በዚህ ላይ መቀለድ ቀላል ቢሆንም፣ ለቤተሰቡ ጉባኤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። «ቋሚ ነው» የሚለው ቃል የአባትን ፊት ሲፈታው በዓይን ይታያል። ችግሩ የቅጥር ቦታው ጥቂት፣ ደመወዙም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ መሆኑ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የአዲስ አበባ ቲያትር ለትርፍ ሥራ ያመቻል። እያንዳንዱ ተውኔት የራሱ የሳምንት ቀን አለው፤ በዚያ ቀን ብቻ ይታያል፤ ሕዝብ ከወደደው ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዘልቃል። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቲያትር ለረጅም ዓመታት መታየቱ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቲያትር ውስጥ የገባ ተዋናይ በሳምንት አንድ ቀን አንድን ሰው ይሆናል፤ ቀሪውን ቀን የቤት ኪራይ ወደሚያመጣለት ይሮጣል።

ወጣቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ መድረክ ሳይሆን ስለ ስክሪን ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም ከታየ ወዲህ ለረጅም ጊዜ የአገር ፊልም በጣት የሚቆጠር ነበር። ዲጂታል ካሜራ መጥቶ ወጪው ሲቀንስ ግን በየሲኒማ ቤቱ የአማርኛ ፊልም ሰልፍ ሆነ፤ ቀጥሎ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ከዚያም ዩቲዩብ መጣ። ሥራው በዛ። ሥራ መብዛትና ገንዘብ መብዛት ለየቅል ናቸው። የተለመደው ውል በቀብድ ይጀመራል፤ ቀብዱ እውነተኛ ገንዘብ ነው። የቀረው «ቀረጻው ሲያልቅ»፣ ከዚያ «ኤዲቲንጉ ሲያልቅ»፣ በመጨረሻም «ፊልሙ ሲወጣ» ይከፈላል ይባላል። ፊልሙ ይወጣል፤ ፕሮዲዩሰሩ ግን በዚያው ሰሞን ከአገር ይወጣል። ሁሉም እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ውልን በጽሑፍ አድርጎ፣ የክፍያውን ቀን ከፊልሙ መውጣት ጋር ሳይሆን ከቀረጻ ቀናት ጋር አያይዞ የሚፈርም ተዋናይ ከብዙ ንዴት ይተርፋል፤ ይህንን ለመጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ ለሙያው ገና አልደረሰም።

የቀረጻ ቦታ ራሱ ለብዙዎች ፍቅር ማብረጃ ነው። ተዋናዩ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ሎኬሽን ይደርሳል። መብራት ይስተካከላል። ጄኔሬተር ይፈለጋል። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል፤ ውሻው ሲተው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይከፍታል። ከሰዓት በኋላ አራት ቃላት ይናገራል፤ «ምነው? ደኅና አይደለሽም እንዴ?» ይህንኑ አሥር ጊዜ ይደግመዋል። ማታ ሲመለስ እናት «ዛሬ ምን ሠራህ?» ትለዋለች።

ፊት ሳይታይ የሚሠራም አለ። ወጋየሁ ንጋቱ ታላቅ የመድረክ ሰው ቢሆንም፣ አገሩ በሙሉ ያወቀው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በተረከበት ድምፁ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም የቱርክና የሌላ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ገበያችን ተወሰደ ብለው ብርቱ ተቃውሞ አሰምተዋል። በዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ግን ለወጣት ተዋንያን የድምፅ ሥራ ተከፈተ፤ አንዳንዱ የኢስታንቡል ባለጸጋ ሆኖ ሲያዝዝ ውሎ ማታ ለታክሲ ይሰለፋል። ማስታወቂያም ሌላው እንጀራ ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ጤናን ለመጠበቅ ታስቦ ነው፤ ቢራ ፋብሪካዎች ሲደግፏቸው ለነበሩ ዝግጅቶችና ብርጭቆ አንሥተው ፈገግ በማለት ወር ይደርሱ ለነበሩ ተዋንያን ግን ደረቅ ዘመን ነው የመጣው። የአክስትየዋ ታሪክ በመጠጥ ያልቃል የተባለው እንዲህም ሊተረጎም ይችላል።

ዝና ከገንዘብ ቀድሞ ይመጣል፤ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው። በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ በስድስት ክፍል የታየ ሰው በታክሲ ውስጥ ይታወቃል። ረዳቱ «አንተ ሌባ፣ የልጅቷን ቦርሳ መልስ!» ይልና ሂሳቡን ግን በቅጡ ይቀበለዋል። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት «የሰው ትዳር አፍርሰሽ ደግሞ ሽንኩርት!» ብላ ተዋናይቷን ከገሠጸች በኋላ ዋጋ ትጨምርባታለች፤ በቴሌቪዥን ያቺ ሴት ባለ መኪና ናትና። የሠርግ ጥሪ ይበዛል፣ የዕቁብ ዳኝነት ይሰጠዋል፣ የለቅሶ መዋጮ ላይ ስሙ ከላይ ይጻፋል። ገቢው ሳያድግ ወጪው ያድጋል። ስሙንም ቀስ በቀስ ያጣል፤ አበበ ባልቻን መንገድ ላይ «አስናቀ!» ብሎ የሚጠራው ሕዝብ ሌላ ስም እንዳለው የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ ባሻገር የማይቀለድበት ነገር አለ። በትረካውም በመድረክ ሥራውም የተወደደው ፈቃዱ ተክለማርያም በ2010 ዓ.ም ከማረፉ በፊት ለኩላሊት ሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ ይሰባሰብለት ነበር። ሕዝቡ ተዋናዩን መውደዱ በዚያ ታይቷል። ሙያው በራሱ ጉልበት ሰውን እስከ ሐኪም ቤት እንደማያደርስም በዚያው ታይቷል። አባት በጉባኤው ሳይጨርሰው የቀረው ዐረፍተ ነገር ይህን ይሆናል።

ሴት አመልካች ደግሞ ሌላ ስሌት ትጨምራለች። ልምምዱ የሚያልቀው ከመሸ ነው፤ የታክሲ ጉዳይ አለ። «ሚናው ላይ እራት እየበላን እንነጋገር» የሚል ፕሮዲዩሰር አለ፤ ስለ ሚና በጠራራ ፀሐይ፣ በቢሮ፣ ሰው ባለበት መነጋገር እንደሚቻል የማያውቅ ሰው ሚናም ሳይኖረው አይቀርም። ካገባች በኋላ «ባሏ ፈቀደላት» ይባላል፤ የወንድ ተዋናይ ሚስት ፈቀደችለት ሲባል ግን አይሰማም። ይህ ሁሉ እያለ የሙያውን ሚዛን የደፉት ሴቶች ናቸው። በ2006 ዓ.ም በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» የተሸከመው በሜሮን ጌትነትና በትዝታ ሀገሬ ትከሻ ነው።

ስም በመጥራት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በእንዲህ ያለ ክርክር ወጣቱ የራሱ ዝርዝር አለው፤ ደበበ እሸቱ በ1965 ዓ.ም በወጣው የሆሊውድ ፊልም «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ መሥራቱን ይጠቅሳል። ቤተሰቡም የራሱ ዝርዝር አለው፤ እዚያ ላይ ያሉት ስሞች የሰፈር ልጆች ናቸው። ሁለቱም ዝርዝሮች እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ስለዚህ ልጅ የሚሉት ነገር የላቸውም። ወጣቱ ደበበ ፊልሙ ላይ ከመታየቱ በፊት ስንት ጊዜ በባዶ አዳራሽ እንደተለማመደ አይቆጥርም፤ ቤተሰቡም የሰፈሩ ልጅ ባንክ ቢቀጠር ኖሮ ሰካራም እንደማይሆን ማስረጃ የለውም።

ተሰጥኦ አለኝ ወይስ የለኝም የሚለው ጥያቄ በጥያቄዎች ሁሉ ፊት ይቀመጣል፤ ሊቀመጥ የሚገባው ግን ከኋላ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚታመን መልስ ሰጪ በአቅራቢያ አይገኝም። እናት ስለምትወደው ታጋንናለች። ጓደኛ መምህርን አስመስሎ ሲናገር ስለሳቀ ብቻ ይመሰክርለታል፤ ሰውን ማስመሰልና ሰውን መሆን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ያስቃል፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ያስቀምጣል። ቲክቶክ ደግሞ ሠላሳ ሰከንዱን ይለካል። ይልቅ በቀላሉ ሊጣራ የሚችል ነገር አለ፤ ልምምድ። አንድ ተውኔት መድረክ ከመውጣቱ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ይጠናል። መጀመሪያ በክብ ተቀምጦ ማንበብ ነው። ከዚያ ቆሞ፣ ወረቀት ይዞ። ከዚያ ወረቀቱ ይጣላል፤ በቃል የያዘው ሁሉ በዚያ ቀን ይጠፋል። አዳራሹ ብርድ ነው፤ መድረኩ ላይ ወንበር «በር» ይባላል፣ ሁለት ወንበር «አልጋ» ይባላል። አዘጋጁ «እንደገና» ይላል። ተዋናዩ በሩን ከፍቶ ይገባል። «እንደገና።» ይገባል። «ከየት ነው የመጣኸው? ከሻይ ቤት ነው ከቀብር? ከሁለቱም የመጣ ሰው በር የሚከፍተው አንድ ዓይነት አይደለም። እንደገና።» በዚህ ሰዓት ከተዋንያኑ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ ሌላው ከቀብር የመጣ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ማሰብ ጀምሯል። ይህ ሁለተኛው ነገ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ የሰዎችን ትከሻ ሲመለከት ይገኛል፤ ማን ለሟች እንደሚያለቅስ፣ ማን ለራሱ፣ ማን ደግሞ ሰው ስላየው። የሟች ዘመዶች ይህን ቢያውቁ አይደሰቱም፤ ለሙያው ግን ከዚህ የተሻለ የመግቢያ ፈተና አልተፈለሰፈም።

ጭብጨባውን ወዶ «እንደገና»ን የሚጠላ ሰው ከትወና ይልቅ መታየትን ነው የወደደው። ነውር የለበትም። ለዚያ ደግሞ ሌላ ሥራ ሞልቷል፤ የሠርግ መድረክ መሪነት ከቲያትር የበለጠ ይከፍላል፣ ጭብጨባውም የዚያኑ ዕለት ነው፣ ልምምድም አይጠይቅም፤ ምግብ አለው።

ልምምዱን ወዶ የቀረ ሰውም ቢሆን በአንድ ቀን አይወስንም። የተለመደው «ሁለት ዓመት ልሞክረው» ማለት ነው። ቀጠሮው ቅን ነው፤ የሚያበላሸው ሙያው ነው። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ ስድስት ወር ዝም ያለ ስልክ ይደወላል፤ ትንሽ ሚና፣ ሦስት ትዕይንት፣ ፖሊስ። ቀጠሮው በአንድ ዓመት ይራዘማል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ኢንስፔክተር ይሆናል። በዚህ መንገድ አሥር ዓመት የተሻገረ፣ አንድም ቀን «ተዋናይ ልሁን» ብሎ ያልቆረጠ ተዋናይ ብዙ ነው። ቀነ ገደብ በዓመት ከሚያዝ በኪራይ ቢያዝ ይሻላል፤ ሌላ ሥራ እየሠራ ኪራይ እስከከፈለ ድረስ የሚያስቸኩለው የለም፤ መክፈል ያቃተው ወር ቀጠሮው እዚያ ላይ ይቁም። በዚህ ስሌት መምህር የሆነ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የሆነ፣ የታክሲ ባለቤት የሆነ ተዋናይ ከሙሉ ጊዜው ተዋናይ ዘግይቶ ይራባል፤ ያልራበ ደግሞ መጥፎ ስክሪፕት «አልሠራም» ለማለት አቅም ይኖረዋል።

የሚተውትም አሉ። አንዳንዱ አዘጋጅ፣ አንዳንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዳንዷ የራሷን የልጆች ማሠልጠኛ የከፈተች፣ አንዳንዱ ውጭ አገር ሄዶ በኢትዮጵያውያን ማኅበር በዓል ላይ በዓመት አንድ ቀን የሚተውን። ከመድረክ የተማሩት ሰውን ፊት ለፊት ማየት ይከተላቸዋል፤ በንግድም በሽምግልናም ይጠቅማል። ትወናውን ትቶ ቲያትር ማየትን ግን የተወ የለም፤ ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጦ «እኔ ብሆን እንዲህ አልገባም ነበር» ይላል።

ከሌላው ሙያ የተለየው ደግሞ በሩ በዕድሜ አለመዘጋቱ ነው። የአማርኛ ድራማ ቢያንስ አንድ አባት፣ አንድ ዳኛና ሁለት የእርቅ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ለእነዚህ ሚናዎች ሃያ ዓመት የሞላው መልከ መልካም አይሆንም፤ ነጭ ዱቄት ጸጉሩ ላይ ቢነሰነስበትም አንገቱ ያጋልጠዋል። ስለዚህ አዘጋጆች ከባንክ፣ ከመብራት ኃይል፣ ከትምህርት ቤት ጡረታ የወጡ ሰዎችን እየፈለጉ ያመጣሉ። ከእነዚህ መካከል በወጣትነታቸው የጠየቁትን ጥያቄ በቤተሰብ ምክር ትተው የኖሩ ይገኙበታል። ለእነሱ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ኪራይ የለባቸውም፣ ልጆቹ ደርሰዋል፣ አበሉ በየወሩ ይገባል። ቀሪው ክፍያ «ፊልሙ ሲወጣ» ቢባሉ አይቆጡም። የሚከብዳቸው የቀረጻው ጥበቃ ነው፤ መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ በዳኛው ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።